ትራክተሩ ሲመጣ ዘፈኑ ሥራ ፈታ፦ ስለ ሲንሃላ የሕዝብ ዜማ

ጥያቄ፦ «ኩዌት የቤት ሠራተኛ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ የስሪላንካ ልጅ አለች። ሕፃኑን ስታስተኛ፣ አንዳንዴም ልብስ ስትተኩስ በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች። ዜማው ዩቲዩብ ላይ እንደምሰማው ዘፈን አይደለም፣ ከበሮም ምንም የለውም። ስጠይቃት የአያቷ እንደሆነና መንደራቸው ውስጥ አሁን የሚያውቀው ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። እነዚህ ዘፈኖች ድሮ ለምን ያገለግሉ ነበር? ለምን ጠፉ? የአገሩ ሰዎች ለማዳን ምን አደረጉ? በስልኬ ብቀዳላትስ ጥቅም አለው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ የኔም ሙያ የሕዝብ ዜማ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው ነው። ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አብዛኛው የሲንሃላ የሕዝብ ዘፈን የተሠራው ቁጭ ብሎ እንዲደመጥ አይደለም። ሥራ እንዲሠራበት ነው። ችግኝ ለመትከል፣ በሬ ለመንዳት፣ ዝሆን ለማባረር፣ ልጅ ለማስተኛት፣ ለቅሶ ቤት ሌሊቱን ለማንጋት። ሥራው ሲቀር ዘፈኑም ሥራ ፈታ። ሥራው ያልቀረበት ቦታ ግን ዘፈኑ ዛሬም አለ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ሲንሃላዎች ከስሪላንካ ሕዝብ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ ቡዲስት ናቸው፤ በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ ብዙ ካቶሊኮች አሉ። የመንደሩ ኑሮ ለዘመናት የቆመው በሩዝ ላይ ነው። ስለዚህ ዘፈኑም ከሩዝ ማሳ ይጀምራል።

የግጥሙ ቅርጽ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አራት ስንኝ፣ አራቱም መጨረሻ ላይ አንድ ቤት የሚመታ። ካቪ ይሉታል። በጣም የተለመደው ልክ በየስንኙ 18 ምጣኔ አለው፤ አጭር ድምፅ አንድ፣ ረጅም ድምፅ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ዜማው ጠባብ ነው። ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት ድምፅ ላይ ይመላለሳል። የስንኙ መጨረሻ ይሳባል፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ብዙው ምት የለውም፤ እስትንፋሱ ነው ልኩ። ጓደኛሽ ያለ ከበሮ ማንጎራጎሯ ከበሮ ስላጣች አይደለም። መጀመሪያውኑም ከበሮ የሌለው ዓይነት ስለሆነ ነው።

ማሳው ላይ ሴቶቹ ጭቃው ውስጥ በአንድ መስመር ይቆማሉ። ጎንበስ ብለው አረሙን ይነቅላሉ፣ ክፍተቱን በችግኝ ይሞላሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ይሄ ኔሉም ካቪ ይባላል። አስቢው፣ ጸሐዩ አናት ይበሳል፣ ወገብ ይቆረጣል። ዘፈኑ እጅን ከእጅ ያስማማል። አንዷ እንዳትቀድም፣ ሌላዋ ወደኋላ እንዳትቀር ያደርጋል። ሥራው የሚሠራው በወንፈል ነው፤ እነሱ አታም ይሉታል። ዛሬ ያንቺ ማሳ፣ ነገ የኔ። ስለዚህ ዘፈኑ የአንድ ቤተሰብ ንብረት አይደለም፤ የተረዳዳው ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል። ግጥሙ አንዳንዴ የቡድሃን የቀድሞ ሕይወቶች ይተርካል፣ አንዳንዴ ፓቲኒ የምትባለዋን አምላክ ያወድሳል። ፓቲኒ ደግሞ በታሚሎች፣ በስሪላንካና በደቡብ ህንድ በሚኖሩት ሌላ ሕዝብ ዘንድ፣ ካናኪ የምትባለዋ ናት። ይሄን የማነሳው «ንጹሕ የሲንሃላ ዜማ» የሚባል ነገር አለ ብሎ የሚከራከር ሰው አንድ ቀን ስለሚገጥምሽ ነው። የለም። ከደቡብ ህንድ፣ ከታሚሎች፣ ከፖርቱጋሎች፣ ከአፍሪካ ከመጡትም ጭምር የገባበት ዜማ ነው።

አዎ፣ ከአፍሪካ። ፑታላም አጠገብ ሲራምቢያዲያ የሚባል መንደር አለ። እዚያ የሚኖሩት ፖርቱጋሎች፣ ደቾችና እንግሊዞች በየዘመናቸው ያመጧቸው አፍሪካውያን ልጆች ናቸው። ማንጃ የሚባል ዘፈን አላቸው፤ የሚዘፍኑበትም ቋንቋ ከፖርቱጋልኛ የተቀላቀለ ነው። ሰርግ ላይ ሁሉም የሚጨፍርበት ባይላ የሚባለው የስሪላንካ ሙዚቃ ከዚህ ወገን ምት ብዙ ወስዷል። ጓደኛሽን ባይላ ታውቂያለሽ ወይ በያት፤ ወዲያው ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ታያለሽ።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ዝናብ አጠር በሆነው የአገሩ ክፍል ገበሬው ጫካ መንጥሮ፣ አቃጥሎ ይዘራል። ሌሊት ዝሆንና ከርከሮ ይመጣል። ስለዚህ ማማ ሠርቶ እላይ ያድራል። ብቻውን ነው፣ ጨለማ ነው፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። ይዘፍናል። ወዲያ ማዶ ካለው ማማ ሌላው በግጥም ይመልስለታል። ፔል ካቪ ይባላል። በአንድ ድምፅ ሦስት ነገር ይሠራል። እንቅልፍ ያባርራል፣ አውሬውን «ሰው አለ» ይለዋል፣ ለጎረቤቱ ደግሞ «በሕይወት አለሁ» ይለዋል። ግጥሙ ብዙ ጊዜ እንጉርጉሮ ነው። ሚስት ናፍቆት፣ ድህነት፣ «ምን በድዬ ነው እዚህ የቀረሁት» የሚል።

የጋሪ ነጂዎቹም እንደዚያው ነበሩ። የባቡር ሐዲድ ሳይዘረጋ በፊት ወደ ደጋው አገር ዕቃ የሚወጣው በበሬ ጋሪ ነበር። እስከ ዛሬ ሁሉም የሚያውቃት አንዲት ግጥም አለች። ነጂው የሃፑታሌን ተራራ ከሩቅ ያያል። ሆዱ ይቃጠላል። ከዚያ በሬውን «አንተ ኃጢአተኛ በሬ፣ ሳብ፣ ወደ ሃፑታሌ ነው የምንሄደው» ይለዋል። በቡዲስት አስተሳሰብ በሬ ሆኖ መወለድ ያለፈ ሕይወት ዕዳ ነው። ግን ነጂውስ ምን ተሻለ? ያንኑ ዳገት ነው አብሮት የሚወጣው። ለኔ ከብዙ ረጅም ግጥም ይልቅ ይህቺ አራት መስመር ስለ ድካም የበለጠ ትናገራለች። ባቡሩ ወደ ሃፑታሌ ሲወጣ የረጅም መንገዱ ጋሪ ቀረ። ግጥሟ ግን ቀረች ማለት አይቻልም፤ ትምህርት ቤት ገባች።

የግራፋይት ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የጀልባ ቀዛፊዎች፣ ገደል ላይ ማር የሚቆርጡ ሰዎችም የየራሳቸው ግጥም ነበራቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም። የቆፋሪዎቹ በጣም ጨለማ ነው፤ ጉድጓድ ሲወርዱ አማልክትን እየተማጸኑ የሚሉት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እሽሩሩ። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ እንዲህ ይላል፦ እናትሽ ወዴት ሄደች? ወተት ልታልብ ሄደች። የወተቱ እንስራ በወንዝ ሄደ፣ ዙሪያውን ሳቢሳዎች ሄዱ። በቃ ይሄው ነው። ልጁ ትርጉሙን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሚዛኑን ነው፤ የሚደጋገመውን «ሄደ፣ ሄደች፣ ሄዱ»። አሁን ግን ልብ በይ። ስሪላንካ ከ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) መጨረሻ ጀምሮ ሴቶቿን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስትልክ ኖራለች። እናትሽ ወዴት ሄደች የሚለውን አገር ቤት የቀረችው አያት ለልጅ ልጇ ትዘፍናለች። እናቲቱ ደግሞ ያንኑ ለሌላ ሰው ልጅ ትዘፍናለች። አሮጌ ዘፈን ሳይቀየር አዲስ ሥራ ያገኘበት ምሳሌ ብባል ይሄን ነው የምጠቅሰው። እሽሩሩ ከሥራ ዘፈኖች ሁሉ ያልሞተውም ለዚህ ነው። ልጅ የሚያስተኛ ማሽን ገና አልመጣም። (ስልክ የሚሰጡ አሉ፣ እሱን እንተወው።)

የለቅሶ ቤቱም ሰፊ ነው። ሬሳው ቤት እያለ ሌሊቱን ሰው ያድራል። ድሮ የሚነበበው፣ ማለትም በዜማ የሚወርደው፣ ከቡድሃ የቀድሞ ሕይወቶች አንዱ የሆነው የቬሳንታራ ታሪክ ወይም የያሶዳራ እንጉርጉሮ ነበር። ያሶዳራ የልዑል ሲዳርታ ሚስት ናት። ባሏ ሌሊት ተነስቶ እሷንና ሕፃኑን ጥሎ ወደ ጫካ ሄደ፤ በኋላም ቡድሃ ሆነ። ሃይማኖቱ የሱን መሄድ ያከብራል። ሕዝቡ ግን በለቅሶ ቤት የሷን ድምፅ ነው የሚያወጣው። ምን አጠፋሁ ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ትመርቀዋለች። ጫካው ውስጥ የምትበላው ፍሬ ይጣፍጥልህ፣ በመንገድህ አማልክት ይጠብቁህ ትለዋለች። ባሏን የቀበረች ሴት ይሄን ስትሰማ የራሷን ነው የምታለቅሰው። ቀጥታ ተናግራ የማታውቀውን ቅሬታ በያሶዳራ አፍ ትወጣዋለች። ከተማ ውስጥ ይሄ ቀንሷል፤ ቴፕና ድምፅ ማጉያ ተክቶታል።

ደስታውም አለ። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 13 እና 14፣ አዲስ ዓመታቸው ነው። ሴቶቹ ትልቅ ክብ ከበሮ ይዘረጋሉ። ባንኩ ራባን ይባላል። ዙሪያውን ይቀመጡና በእጃቸው ይመቱታል። ከሥሩ ፍም ይደረጋል፤ ቆዳው ሲሞቅ ይወጠራል፣ ድምፁ ይጠራል። እሳቱ ሲቀንስ ከበሮው ይላላል፣ አንዷ ተነስታ ፍም ትጨምራለች። ምቱን የሚማሩት በቃላት ነው። እያንዳንዱ አመታት የራሱ አጭር አባባል አለው፤ ልጅቷ አባባሉን ካወቀች እጇ ይከተላል። ይሄ ዛሬም አለ። ባንክ ቤትና ቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይቀር በበዓሉ ራባን ያስመታል። ብዙ ሰው «ይሄማ ማስታወቂያ ሆነ» ብሎ ይነቅፋል። እኔ አልነቅፍም። በዓሉ እስካለ ድረስ አንዲት ልጅ ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጣ እጇን የምታሳርፍበት ቀን አለ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ከበሮ። ካንዲ ከተማ የቡድሃ ጥርስ የሚቀመጥበት ቤተ መቅደስ አለ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ንጋት፣ ረፋድና ምሽት፣ ሥርዓት ይደረጋል፤ ከበሮውም ይመታል። ዳዉላ የሚባል በአንድ ጎን በዱላ በሌላው በእጅ የሚመታ ከበሮ አለ። ታማታማ የሚባል መንትያ ከበሮ አለ። ሆራኔዋ የሚባል ድምፁ የሚሰረስር የትንፋሽ መሣሪያ አለ። ይሄ ለሰው ጆሮ የሚቀርብ ሙዚቃ አይደለም። አበባና ዕጣን እንደሚቀርብ ድምፅም ለቡድሃ ይቀርባል ነው ነገሩ። አስቂኙ ነገር፣ ለመነኩሴ ዘፈንና ጭፈራ ክልክል ነው። ምእመኑም ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ስምንቱን ትእዛዝ ከያዘ ከዘፈን ይርቃል። መነኩሴው አይዘፍንም፣ ጸሎቱን ያነበንባል። ከበሮው ግን እበሩ ላይ ይመታል። ይሄ እንዴት ታረቀ ካልሽ፣ የከበሮው ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ያ ሌላ ሰው ማነው? ቤራዋ የሚባል የዘር ወገን አለ። ሙያው ከበሮ ነው፤ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። በንጉሡ ዘመን ለአገልግሎቱ መሬት ይሰጠው ነበር። የኛ አንባቢ የሰሞን መሬት ቢለው አይሳሳትም። ከበሮውን ይመታል፣ መሬቱን ያርሳል። እንግሊዞች በ1830ዎቹ መጀመሪያ ለመንግሥት የሚደረገውን የግዳጅ አገልግሎት ሻሩ፤ የቤተ መቅደሱ መሬት ግን ከነአገልግሎቱ ቀረ። በ1870 ደግሞ አገልግሎቱን በገንዘብ መለወጥ የሚያስችል ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ ዝም ብለሽ አትለፊ። የካንዲ ከበሮ ለዘመናት የቆየው ሕዝቡ ባህሉን ስለወደደ ብቻ አይደለም። ሰውየው የሚበላው ስለነበረው ነው። «ባህላችንን እንጠብቅ» የሚል ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው። ከበሮ መቺው ምን ይበላል?

ቤራዋዎች ግን ተንቀዋል። ሙያን ከዘር ጋር አያይዞ መናቅ ለኛም እንግዳ አይደለም። ከበሮው ይፈለጋል፣ መቺው አይፈለግም። ነጻነት ከተገኘ ከ1948 በኋላ የካንዲ ጭፈራና ከበሮ የአገር ምልክት ሆነ። ትምህርት ቤት ገባ፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ የሀብታም ልጆች ይማሩታል። የቤራዋው ልጅ ደግሞ ከስሙ ለመሸሽ ሾፌር ወይም ወታደር መሆን ይመርጣል። የቤተሰብ ስማቸውን የሚቀይሩም አሉ። ጥበቡ ከፍ አለ፣ ባለጥበቡ ወጣ። ልጁ ለምን ሄደ ብዬ ግን አልፈርድም። ማንም ሰው ለሌላው ቅርስ ሲል ውርደት ተሸክሞ መኖር የለበትም።

ካቶሊኮቹንም ላንሳ፣ ባጭሩ። በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ በዐቢይ ጾም ፓሳን የሚባል የሕማማት ዜማ ይዜማል። ግጥሙ ወደ 18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይመለሳል፤ ከጎዋ የመጣ ዣኮሜ ጎንሳልቬስ የተባለ ቄስ በሲንሃላ ብዙ ጽፏል፣ የፓሳኑ ሥርም የሱ ጽሑፍ ነው። ዜማው ግን ያው የመንደሩ እንጉርጉሮ ነው። ጾሙ በየዓመቱ ስለሚመጣ ዜማውም በየዓመቱ ይመጣል።

እንግዲህ ለምን ጠፋ? የማሳው መልስ ቀላል ነው። የአረም መድኃኒት መጣ፣ አረም የሚያርም ቀረ። ዘር በእጅ መበተን ተስፋፋ፣ ችግኝ መትከል ቀነሰ። አውድማ ላይ ጎሽ እያዞሩ የሚያበራዩ ሰዎች ለከብቶቹ የሚሉት የራሱ ጥሪና ዜማ ነበረው፤ አውድማው ላይ የሚነገር ልዩ ቋንቋ ሳይቀር ነበር። ትራክተር መጣ፣ ከዚያ ኮምባይነር መጣ። ለኮምባይነር ማን ይዘፍናል? ገበሬዋን ብትጠይቂያት ወደ ጭቃው ልመለስ አትልሽም። ልክ ናት።

ማማው ግን ያስገርማል። ዝሆኑ አልጠፋም። ገበሬው ዛሬም ሌሊት ማማ ላይ ያድራል። ዘፈኑ ግን የለም። ርችት አለው፣ ባትሪ አለው፣ ከሁሉም በላይ ስልክ አለው። ለጎረቤቱ ይደውላል፣ ፌስቡክ ያያል። ስለዚህ ሥራው ሲቀር ብቻ አይደለም ዘፈን የሚሞተው። ዘፈኑ የሚሞላው ባዶ ጊዜ በሌላ ነገር ሲሞላም ይሞታል። ይሄኛው አሟሟት ዝም ያለ ስለሆነ ማንም አላስተዋለውም።

ሦስተኛው ምክንያት ሬዲዮውና ትምህርት ቤቱ ነው። የህንድ ፊልም ዜማ ላይ የሲንሃላ ግጥም መለጠፍ ቀላልና አዋጪ ሆነ። የሙዚቃ መምህራኑ ደግሞ ብዙዎቹ ህንድ ነው የተማሩት፣ በተለይ ሉክናው። ጎበዞች ናቸው፤ ግን መለኪያቸው ራጋ፣ የህንዱ የክላሲክ ዜማ ሥርዓት፣ ሆነ። የመንደሩን ሦስት ድምፅ ሃርሞኒየም በሚባለው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ላይ አስቀመጡት። ሃርሞኒየም ደግሞ በቁልፎቹ መካከል ያለውን አያውቅም። ያ የሚሳበውና የሚንቀጠቀጠው የስንኝ መጨረሻ እዚያ ላይ ተቆርጦ ቀረ።

ለማዳን የተደረገው ብዙ ነው፤ ጥራቱ ግን እኩል አይደለም። ሂዩ ኔቪል የሚባል እንግሊዛዊ የቅኝ ግዛት ሹም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግጥሞችን ሰበሰበ፤ ስብስቡ ለንደን ገባ። ቃሉ አለ፣ ዜማው ግን የለም። ከዚያ ዴቫር ሱሪያ ሴና መጣ። 1899 ተወለደ፣ ከትልቅ ቤተሰብ ነው፣ ካምብሪጅ ሕግ ተማረ፣ ለንደን ሙዚቃ አጠና። አገሩ ሲመለስ በአውሮፓ ስሙ መጠራቱን ትቶ የሲንሃላ ስም ያዘ፣ ከሚስቱ ከኔሉን ዴቪ ጋር የገበሬውን ዘፈን እየሰበሰበ በኮሎምቦ መድረክ ላይ ዘፈነ። የኮሎምቦ ባለሥልጣንና ሀብታም የጭቃውን ዘፈን በክብር ልብስ ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት ነው። ሱሪያ ሴናን «የሳሎን ገበሬ» ብሎ መቀለድ ይቻላል። ግን በሱ ዘመን ያን ዘፈን የሚታዘንለት ወይም የሚሳቅበት ሳይሆን የሚደመጥ ነገር ነው ያለ የሱን ያህል የተሰማ ሰው አልነበረም።

1952 ላይ አንድ የታወቀ ጠብ ተነሳ። ሬዲዮ ሲሎን (ሲሎን የስሪላንካ የድሮ ስም ነው) ዘፋኞችን እንዲፈትን ራታንጃንካር የተባለውን የሉክናው ሊቅ ጋበዘ። ሰውየው ራሱ ብልህ ነበር፤ ብሔራዊ ሙዚቃችሁን በሕዝብ ዘፈናችሁ ላይ ሥሩት አላቸው። ግን ሱኒል ሳንታ የተባለው በጣም የተወደደ ዘፋኝ «የኛን ሙዚቃ የህንድ ሰው አይፈትነኝም» ብሎ ሳይፈተን ቀረ። ከሬዲዮው ወጣ፣ ኑሮው ተናጋ። አማራዴቫ የተባለው ሌላ ዘፋኝ ደግሞ ተፈተነ። ከዚያም በ2016 እስኪያርፍ ድረስ የመንደሩን ዜማና ራጋውን አዋህዶ የአገሩ ትልቁ ድምፅ ሆነ። ሁለቱም ልክ ነበሩ ብል አትቀየሚኝ። አንዱ ባይቃወም ጥያቄው አይነሳም ነበር፤ ሌላው ባይዘፍን ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1956 ሳራቻንድራ የተባለው ፕሮፌሰር «ማናሜ» የሚለውን ቴአትር ኮሎምቦ ላይ አሳየ። ናዳጋማ የሚባለውን የመንደር ዘፈን ቴአትር ነው መሠረት ያደረገው። ናዳጋማው ራሱ ከደቡብ ህንድና ከታሚል ቴአትር የመጣ ነው፤ ካቶሊኮቹ ያስፋፉት ነው። ሳራቻንድራ ብቻውን አልሠራውም። ቻርልስ ሲልቫ ጉናሲንሃ የሚባሉ የመንደር መምህር ነበሩ፤ ዜማውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከመንደር ሽማግሌ ጋር ቁጭ ብሎ ተማረ። ከማዳን ሥራዎች ሁሉ የተሳካ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው፤ ሽማግሌው ምንጭ ብቻ ሳይሆን አስተማሪ ነበሩና።

ከዚያ ወዲህ ማኩሎሉዋ ለትምህርት ቤቱ ሰበሰበ፣ ኩላቲላካ በሬዲዮው የሕዝብ ሙዚቃ ጥናት ክፍል ቀዳ፣ በ2002 ያረፈው ላዮኔል ራንዋላ ደግሞ ወጣቶችን ሰብስቦ ዘፈኑን ወደ መድረክ መለሰ፤ ቡድኑ ዛሬም አለ። በ2018 የአሻንጉሊት ቴአትራቸው፣ ሩካዳ የሚባለው፣ በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ እሱም የናዳጋማን ዜማ ይዞ የሚሄድ ነው። የመድረኩ ዘፈን ቆንጆ ነው። ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሌላ ነገር ነው ብለን ብንናገር ይሻላል። መድረክ ላይ ኔሉም ካቪ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ወገብ አይቆረጥም። በታተሙት መድብሎችም ውስጥ ብልግናውን እምብዛም አታገኚም። ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ ማማ ላይ አድሮ ስለ ቡድሃ ብቻ ዘፈነ ብሎ የሚያምን ሰው ገበሬ አያውቅም።

አሁን ስለ መቅዳቱ። አዎ፣ ቅጂ፤ ጥቅም አለው። ግን እንዲህ አድርጊ።

መጀመሪያ ፈቃዷን ጠይቂ፣ ለምን እንደምትቀጂም ንገሪያት። ኤሲውን አጥፊ፤ ኩዌት ውስጥ የተቀዳ ነገር ሁሉ ኤሲ ነው የሚሰማው። ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊና ከአፏ አንድ ክንድ ያህል አርቂው። በዋትስአፕ ድምፅ አትቅጂ፤ ፋይሉን አጭቆ ያበላሸዋል። በስልኩ መቅጃ ቅጂና ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪ። ዋናውን አታጥፊው፣ ሁለት ቦታ አስቀምጪው።

ስትዘፍን አታቋርጪያት። ከተሳሳተችም ተያት። ሌላ ቀን ድገሚና ቅጂ፤ ስንኙ ይለያያል፤ ትክክለኛው የቱ ነው ብለሽ አትምረጪ። የዚህ ዓይነት ዘፈን መለያየቱ ነው ተፈጥሮው። ከዘፈኑ በኋላ ቃሉን ያለ ዜማ ቀስ ብላ ትበለው። ከዚያ ጠይቂያት፤ ከማን ተማርሽው? የት መንደር? መቼ ይዘፈናል? ማን መዝፈን የለበትም? ይሄም ይቀዳ። ለአጥኚ ብዙ ጊዜ ወሬው ከዘፈኑ ይበልጣል፤ ዜማውን ሌላ ቦታ ሊያገኘው ይችላል፣ «አያቴ ይሄን የምትዘፍነው ላም ስታልብ ብቻ ነበር» የሚለውን ግን ከየትም አያገኘውም።

አያቷ በሕይወት ካሉ በቪዲዮ ጥሪ ለመቅዳት አትሞክሩ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። እዚያው መንደር ያለ የወንድም ወይም የእህት ልጅ በስልኩ ይቅዳቸው። ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ ቀጂ ሲሆን አድማጭ መሆኑ አይቀርም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የአሠሪዎችሽ ልጅ፣ ድምፁም ሆነ መልኩ፣ ቤታቸውም ቅጂው ውስጥ አይግባ። ያለ ፈቃዳቸው ቢገባ ጣጣው ለሁለታችሁም ነው። በዕረፍት ቀን፣ ከቤት ውጭ ወይም በራሳችሁ ክፍል ይሁን።

ቲክቶክ ላይ መልቀቁን ደግሞ እሷ ትወስን። የስሪላንካ የአእምሯዊ ንብረት ሕግ፣ የ2003ቱ ቁጥር 36፣ ለሕዝብ ጥበብም ጥበቃ ይሰጣል። ዘፈኑ ደራሲ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ በተለይ ሰው ገንዘብ ሊሠራበት ሲነሳ። እሷ «ለቤተሰቤ ብቻ» ካለች ለቤተሰቧ ብቻ ይሁን። ይለቀቅ ካለች ደግሞ የመንደሯን ስምና ማን እንዳስተማራት ከሥሩ ጻፉበት፤ የራሷ ስም ይጻፍ አይጻፍ ግን እሷ የምትለው ነው።